አስማቱ የማይችለው ምንድን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው እንበል። ልጅዎ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ፊልም ያያል። ዘንዶ ሰማዩን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ሽማግሌ በትሩን መሬት ላይ ሲመታ ብርሃን ይፈነጥቃል። እርስዎ ከማድ ቤት ብቅ ብለው «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?» ይላሉ። «ፋንታሲ ነው» ይልዎታል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። ራስዎን ነቅንቀው ወደ ሽንኩርትዎ ይመለሳሉ።

ዛሬ ሽንኩርቱን ለጥቂት ጊዜ ይተዉትና አብረን እንቀመጥ። እኔ ይህን የፊልም ዓይነት እወደዋለሁ፤ ልጆቼም ወርሰውኛል። ብዙ ወላጆች ግን «የልጅ ጨዋታ ነው» ወይም «የሰይጣን ነገር ነው» ብለው ይዘጉታል። ሁለቱም ፍርዶች ፊልሙን ሳያዩ የተሰጡ ናቸው ባይ ነኝ።

ፋንታሲ ማለት እንግዳ ፍጥረት የሚታይበት ፊልም ሁሉ አይደለም። መንኮራኩርና ሮቦት የሞላበት የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልምም እንግዳ ፍጥረት አለው። እሱ ግን «ይህ ነገር አንድ ቀን በሰው እውቀት ሊሠራ ይችላል» እያለ ሞተሩን ሊያሳየን ይሞክራል። ፋንታሲ ሞተር የለውም፤ ምንጣፉ የሚበረው ስለሚበር ነው። «ስታር ዋርስ» ከየትኛው ወገን ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። የእኔን ከጠየቁኝ፣ ልዕልት፣ ሰይፍና የማይታይ ኃይል ያለበት ታሪክ መንኮራኩር ላይ ስለተሳፈረ ብቻ ፋንታሲነቱ አይቀርም። በዚህ ከባለቤቴ ጋር እስከ ዛሬ አልተስማማንም፤ እንለፈው።

ታዲያ ፋንታሲን ፋንታሲ የሚያደርገው ምንድን ነው? እኛ የማንኖርበት ስፍራ ያስፈልጋል፤ በዚያ ስፍራ የሚሠራ አስማት ያስፈልጋል፤ ከዚያ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተይዞ መምረጥ ግድ የሚሆንበት ሰው።

ከስፍራው እንጀምር። ተማሪ ሳለን የአማርኛ መምህራችን ስለ ልብ ወለድ ሲያስተምሩን «መቼት» የሚል ቃል ያስጽፉን ነበር። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። በሌላ ዓይነት ፊልም መቼቱ ቢቀየር ታሪኩ ሊተርፍ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ የተጣሉ ባልና ሚስት ሐዋሳም ቢሄዱ ይጣላሉ። ፋንታሲ ግን ከስፍራው ከተነቀለ ይሞታል።

በ1939 የወጣውን «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» የተባለውን ፊልም ይመልከቱ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዶረቲ የምትኖርበት የካንሳስ እርሻ ቡናማ ነው፤ ሰማዩም፣ አጥሩም፣ አክስቷም ቡናማ ናቸው። አውሎ ነፋስ ቤቱን ከነእሷ ነቅሎ ወስዶ ይጥለዋል። ልጅቷ በሩን ስትከፍት ከውጭ ያለው ዓለም በቀለም ያበራል። ይህን ትዕይንት ለመሥራት የቤቱን ውስጠኛ ክፍል ቡናማ ቀለም ቀቡት። በሩን የምትከፍተውም ጁዲ ጋርላንድ ሳትሆን ቡናማ ልብስ የለበሰች ምትኳ ነበረች። ምትኳ ገለል ስትል እውነተኛዋ ዶረቲ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ቀለሙ ትራመዳለች። ይኸው ነው ዘዴው፤ ቀለም፣ በርና ሁለት ሴቶች። እኔ ይህን ካወቅሁ በኋላ እንኳ በሩ ሲከፈት ሰውነቴን ይወረኛል።

አንዳንዱ ፊልም ደግሞ በር የለውም፤ ከመጀመሪያው እዚያው ውስጥ ያስገባናል። ፒተር ጃክሰን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባሉትን ሦስት ፊልሞች በትውልድ አገሩ በኒውዚላንድ ሲቀርጽ፣ ማታማታ ከምትባል ከተማ አጠገብ ባለ የበግ እርባታ ላይ የሆቢቶችን መንደር አሠራ። ሆቢቶች ቁመታቸው አጭር፣ እግራቸው ጠጉራም፣ ምግብ የሚወዱ ሰላማዊ ሕዝቦች ናቸው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አትክልቱንና አበባውን ቀረጻው ከመጀመሩ አንድ ዓመት ያህል ቀድመው ተከሉት፤ ካሜራው ሲደርስ ሰው ለዓመታት የኖረበት ጓሮ እንዲመስል። ረጅሙ ጠንቋይ ጋንዳልፍና አጭሩ ፍሮዶ ጎን ለጎን የተቀመጡ በሚመስሉባቸው አንዳንድ ትዕይንቶች ደግሞ አንዱ ተዋናይ ወደ ካሜራው ቀርቦ፣ ሌላው ወደ ኋላ ርቆ ነው የተቀመጠው። ዓይናችን ርቀቱን ቁመት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ይህን ሁሉ ለምን እንደሚደክሙበት ሳስብ፣ መልሱ የልጆች ጥርጣሬ ይመስለኛል። ልጅ ዘንዶውን ለማመን አይቸገርም። ዘንዶው የረገጠው ሣር ካልተኛ ግን «ውሸት ነው» ብሎ ይነሳል።

አሁን ወደ አስማቱ። ቃሉን ብቻ ሰምተው ገጹን ሊገለብጡ ከሆነ ትንሽ ይታገሡኝ። «አስማት» ከግዕዝ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም «ስሞች» ማለት ነው፣ የ«ስም» ብዙ ቁጥር። በድሮ ጊዜ ደብተራው በብራና ላይ ክታብ ሲጽፍ ኃይል አላቸው የተባሉ ስሞችን ይደረድርበት ነበር፤ የባለቤቱንም ስም ያስገባበታል። ብራናው በሰውየው ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ይህን የማነሳው ክታብ እንዲያስሩ ለመምከር አይደለም። የነገሩን ስም ያወቀ በነገሩ ላይ ሥልጣን ያገኛል የሚለው ሐሳብ ከፈረንጅ ፊልም በፊት እኛው ዘንድ፣ በቃሉ ውስጥ ሳይቀር እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ይህን ሐሳብ ከሁሉ አጥብቆ የያዘው ፊልም የሠራው ግን ጃፓናዊው ሃያኦ ሚያዛኪ ነው፤ በ2001 የወጣው «ስፒሪትድ አዌይ»። የሥዕል ፊልም ነው፤ በ2003 ኦስካር አግኝቷል። ቺሂሮ የተባለች የአሥር ዓመት ልጅ ከወላጆቿ ጋር ወደ አዲስ ቤት እየሄደች ሳለ መንገድ ይስታሉ። ወላጆቿ ባለቤቱ የማይታይ ምግብ ቤት አግኝተው ሳይጠይቁ ይበላሉ፣ ከዚያም አሳማ ይሆናሉ። ልጅቷ መናፍስት ሊታጠቡ በሚመጡበት ትልቅ የመታጠቢያ ቤት ሥራ ካልያዘች እሷም እንስሳ መሆኗ ነው። የቤቱ እመቤት ዩባባ የምትባል ጠንቋይ ነች። ውል ታስፈርማታለች፤ ከዚያም እጇን ዘርግታ ከልጅቷ ስም ላይ ፊደሉን ከወረቀቱ ትለቅመዋለች። «ቺሂሮ» የነበረችው «ሴን» ብቻ ትሆናለች። ስሟን ጨርሳ ከረሳች ወደ ቤቷ የምትመለስበትን መንገድ አታገኘውም።

ታላቅ እህቴ አረብ አገር ስድስት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። እኛ ቤት ስትመጣ ቴሌቪዥኑ ላይ አስማት ካየች «ልጆቹን ጥንቆላ ታለማምጃለሽ» ትለኝ ነበር። ስጋቷን አልንቀውም። ሰው ጠንቋይ ቤት ጥሪቱን ሲበትን፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲጠራጠር አይታለች። ባለፈው ክረምት ግን ዝናቡ አላስወጣ ብሏት፣ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር እየለቀመች ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ፊልሙ በእንግሊዝኛ የተተረጎመው ነበር፤ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ደግሞ ለአክስቷ በአማርኛ ታስረዳለች። ዩባባ ፊደሉን ስትለቅም የእህቴ እጅ ቆመ።

«እኔንም እንዲህ ነው ያደረጉኝ» አለች።

በገባች በመጀመሪያው ቀን የቤቱ እመቤት «ስምሽ ለአፌ አስቸገረኝ» ብላ ሌላ ስም አወጣችላት። ልጆቹም፣ ዘበኛውም፣ ሱቁም በዚያ ስም ጠሯት። ስድስት ዓመት። «በወር አንዴ ስደውል እማዬ በስሜ ስትጠራኝ እደነግጥ ነበር» አለች፤ «ሌላ ሰው የጠራች ይመስለኝ ነበር።» ልጄ «ምን ብለው ነበር የሚጠሩሽ?» ስትላት፣ «እሱን እዚያው ትቼው መጥቻለሁ» ብላ ምስሩን መልቀም ቀጠለች። ይህን ነገር እኔም ያን ቀን ነው የሰማሁት። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየችው። ቺሂሮ የሚረዳትን የሃኩን የተረሳ ስም አስታውሳ ስትነግረው፣ ወንዝ እንደነበረና ወንዙ ተደፍኖ ቤት እንደተሠራበት ሲታወቅ፣ እህቴ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ጥንቆላን በተመለከተ ሐሳቧን ለውጣለች ብዬ አልዋሽዎትም፤ አሁንም «መጠንቀቅ ነው» ትላለች። በአንድ ነገር ግን ተስማምተናል። ጠንቋይ ቤት የሚሄድ ሰው የሚፈልገው ዋጋ ሳይከፍል ማግኘትን ነው። በጥሩ ፋንታሲ ውስጥ ይህን የሚፈልገው ክፉው ነው። አስማቱም ሕግ አለው፤ ጠንቋይዋ ዩባባ ራሷ ሥራ ለሚጠይቅ ሁሉ ሥራ ለመስጠት የገባችው መሐላ ስላለባት ልጅቷን ማባረር አትችልም። ደካማ ፋንታሲ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። ጀግናው ሊሸነፍ ሲል ከየት መጣ የማይባል ኃይል ከእጁ ይወጣል፤ ሁሉም ነገር ይፈታል፤ ልጁም ፋንዲሻውን ጨርሶ ይነሳል። አስማቱ ሁሉን ከቻለ የምንፈራለት ሰው የለም።

ስለዚህ አንድ ፊልም ደህና መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አስማቱ የማይችለው ምንድን ነው?

በ2001 በወጣው በመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» ፊልም ላይ አንድ መስታወት አለ። ፊቱ የቆመውን ሰው መልክ ሳይሆን የልቡን ምኞት ያሳያል። የሃሪ ጓደኛ ሮን ራሱን ዋንጫ ይዞ ያያል። ሃሪ ግን በሕፃንነቱ የሞቱበትን እናትና አባቱን አጠገቡ ቆመው ያያቸዋል። መስታወቱ ውስጥ እንጂ ክፍሉ ውስጥ የሉም። ማታ ማታ እየሄደ ፊቱ ይቀመጣል። በመጨረሻ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዳምብልዶር መጥቶ፣ ሰዎች እዚህ መስታወት ፊት ተቀምጠው ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ ይነግረዋል፤ መስታወቱም ወደ ሌላ ስፍራ እንደሚወሰድ፣ ዳግመኛም እንዳይፈልገው።

ይህን ፊልም ከልጄ ጋር ያየነው እናቴ ካረፈች ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ነው። በለቅሶው ሰሞን ልጆቹ እንደ ልማዳችን ጎረቤት ነበሩ፤ ስለ አያታቸው የሚጠይቁትም እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ልጄ ፊልሙን አቁሚልኝ አለች። «ለምን ይወስድበታል? ቢያያቸው ምን አለበት?» አለችኝ። እዚያው ተቀምጦ እንዳይቀር ብዬ መለስኩላት። ዝም አለች። ማታ፣ ጥርሷን ስትቦርሽ፣ «ስልክሽ ላይ ያለውን የእማማን ፎቶ በቀን ስንት ጊዜ ባይ ችግር የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ፎቶውን እየደበቀች ስታይ ነው የሰነበተችው። ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ አብረን አየነው፤ እሷም ስለ አያቷ ዳቦ፣ ስለ ሳሏ፣ ስለ መቁጠሪያዋ አወራች፤ እኔም አወራሁ። «ሞት ምንድን ነው» የሚል ትምህርት ልሰጣት ብቀመጥ ኖሮ እዚያ የምደርስ አይመስለኝም። ጠንቋዮች በሞሉበት ዓለም ውስጥ እንኳ የሞተ ሰው እንደማይመለስ ካየች በኋላ ነው እውነቱን ለመስማት የፈቀደችው።

የቀረው ሰውየው ነው፣ ማለትም ገጸ ባሕርይው። ፋንታሲ ጥሩ አድርጎ የሚሠራቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ትናንሾች ናቸው፤ ወላጅ አልባ ልጅ፣ የእርሻ ቤት ልጅ፣ ከመንደሩ ወጥቶ የማያውቅ ሆቢት። ይህ በከንቱ አይደለም። ጠንካራ ሰው ኃይል ቢያገኝ የሚያደርገውን እናውቀዋለን፤ ደካማ ሰው ኃይል ሲያገኝ የሚያደርገው ነው የሚያጓጓው። ፍሮዶ ያን ክፉ ቀለበት ለጋንዳልፍ «ውሰድልኝ» ሲለው ሽማግሌው ይደነግጣል፤ አልወስድም ይላል። ቢወስደው ለበጎ ሊጠቀምበት እንደሚፈልግ፣ ቀለበቱ ግን በእሱ አድሮ ክፋት እንደሚሠራ ያውቃልና። ልጆቼ ሰይፍ የተማዘዙባቸውን ትዕይንቶች ይወዳሉ፤ እኔ የምወደው ይህን «አልፈልግም» ማለቱን ነው። ሥልጣን ሲቀርብለት እጁን የሚሰበስብ ሰው በሌላ ዓይነት ፊልም ብዙ አያጋጥመኝም።

ፍሮዶ ራሱ በመጨረሻው ሰዓት፣ እሳቱ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ቀለበቱን መጣል ያቅተዋል። ይህን ያላስተዋሉ ብዙዎች ናቸው። ቀለበቱ የሚጠፋው ጎለም የተባለው ጎስቋላ ፍጡር ከጣቱ ነጥቆት አብሮት ወደ እሳቱ ስለወደቀ ነው፤ ጎለም በሕይወት የተገኘው ደግሞ ቀደም ብለው ስለራሩለት ነው። ሳም የተባለውንም አይርሱብኝ። ድስትና መጥበሻ ተሸክሞ ጌታውን የሚከተል አትክልተኛ ነው፤ ተራራው ላይ ፍሮዶ መራመድ ሲያቅተው እሱን ራሱን ይሸከመዋል። ሦስተኛው ፊልም በ2004 የታጨባቸውን 11 ኦስካሮች በሙሉ ወስዷል፤ ለእኔ ግን ያ ሁሉ ሽልማት የሳም ጀርባ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልሰጥ አላልፍም። ፋንታሲ ሁሉ ለልጅ አይሆንም። ጊዬርሞ ዴል ቶሮ በ2006 ያወጣው «ፓንስ ላቢሪንዝ» በ1944 ስፔን ውስጥ፣ በፍራንኮ ዘመን፣ ጨካኝ መኮንን የእንጀራ አባቷ ስለሆነባት ልጅ የሚተርክ ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ ልጅ ስለሆነች፣ ተረት መጽሐፍም ስለያዘች እንዳይታለሉ፤ የአዋቂ ፊልም ነው፣ ጭካኔው ለአዋቂም ይከብዳል። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እርስዎ ይዩት። ወንድሟን አሳልፋ እንድትሰጥ ስትጠየቅ የምትመርጠውን ምርጫ ሲያዩ፣ ፋንታሲ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉትን ሰዎች ምን እንደምመልስላቸው ይገባዎታል። ለትናንሾቹ በዚያው በሚያዛኪ በ1988 የተሠራው «ማይ ኔይበር ቶቶሮ» አለልዎት፤ ክፉ ሰው የሚባል የለበትም፣ የታመመች እናት ግን አለችበት።

እኛ በልጅነታችን ይህን ሁሉ ያገኘነው ከአባባ ተስፋዬ ነበር። በ2017 ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ፊታችን ተቀምጠው ሲተርኩልን አንበሳው ይናገራል፣ ጅቡ ይሞኛል፣ ጦጣዋ ታመልጣለች፤ መቼቱን የምንሠራው በየጭንቅላታችን ነበር። ለዚህ ነው መቼት የሌለን አገር አይደለንም የምለው። ዳሎልን ያየ ሰው ሌላ ዓለም ለመፍጠር ቀለም አያስፈልገውም። ለነገሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በ2015 ያወጣውን «ክራምብስ» የተባለ ፊልም ከኢትዮጵያውያን ተዋንያን ጋር እዚህ አገራችን ቀርጾታል፤ እሱ ወደ ሳይንስ ልብ ወለዱ ያደላል። ተረቶቻችንን ግን በዚያ ድካም፣ አትክልቱን ዓመት ቀድሞ ተክሎ፣ የሚቀርጻቸው ሰው እየጠበቅሁ ነው።

ልጄ አልጠበቀችም። ደብተሯ ላይ የራሷን ፊልም እየጻፈች ነው። መቼቱ ጣና ነው፣ ሌሊት። ስሟን ለሚያውቅ ሰው ብቻ የምትንቀሳቀስ ታንኳ አለች፤ ስሟን ግን ከመንደሩ ሰው ሁሉ ያስታወሰ የለም። ጀግናዋ ቆሎ የምትሸጥ ልጅ ነች፤ ለምን ቆሎ እንደሆነ ስጠይቃት «መንገድ ላይ ይርባታላ» አለችኝ። ጥያቄዬንም አቀረብኩላት፤ ታንኳዋ የማትችለው ምንድን ነው? እርሳሷን ነክሳ ብዙ ካሰበች በኋላ ገና እንዳልወሰነች፣ አክስቷን አማክራ እንደምትነግረኝ ገለጸችልኝ።